ለዘርፌ፣ ስለ ባቡሩና ስለ ፈረምኩት ወረቀት

ዘርፈይ፣

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል አሉ። ያንቺን አልጠይቅም። የኔንም አትጠይቂኝ፤ ጉልበቴ ደክሟል፣ ምላሴ ግን እንደ ድሮው ነው። ከተለያየን ሦስት ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። ወሩን የምቆጥረው እኔ ነኝ። ልጃችን ለተብርሃን የምታውቀው ዓመቱን ብቻ ነው።

በመጀመሪያ የሚያስደነግጥሽን ልንገርሽና ልረፍ። ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። ማንም አልጻፈልኝም፣ ማንም አላረመኝም። ከጥምቀት ማግስት ጀምሬ ይኸው ሑዳዴ ተጋመሰ። ለተ ሰሜን ክፍለ ከተማ ወዳለው መሥሪያ ቤቷ ስትሄድ ደብተሩን አወጣለሁ፣ ስትመለስ ከፍራሹ ሥር እከተዋለሁ። ፊደሌ እንደ ሰከረ ሰው ግድግዳ እየያዘ ነው የሚሄደው፤ ቢሆንም ይሄዳል። አራት ጊዜ ላስተምርህ ብለሽኝ አራቱንም ጊዜ የሰደብኩሽን አልረሳሁትም። «ብረት እንደ በሬ የምነዳ ሰው፣ እንዴት ብላ ሴት ሀ ሁ ታስቆጥረኛለች?» ነበር ያልኩሽ። አሁን ቆጠርኩት። ግን ቶሎ ደስ አይበልሽ። ለምን እንደተማርኩ ስትሰሚ ደስታሽን ትመልሽዋለሽ።

ቤቱ እንዳለ ነው። ውሃ ዛሬም ሲያሻት ትመጣለች፣ ሲያሻት ትቀራለች። የጎረቤታችን ልጅ ፎቅ ሠርቶ የጠዋት ፀሐያችንን ወሰደብን፤ ግቢው እስከ አራት ሰዓት ብርድ ነው። ለተ ጫማሽን ለሰው ሰጠች። ሦስት ቀን አላናገርኳትም። በአራተኛው ቀን ወጡ ጨው አንሶት ስለነበር ልቆጣት ስል አፌ ተከፈተ።

ባቡሩስ ትያለሽ። ባቡሩ ሞተ። የገደልኩት እኔ ነኝ፤ በመዶሻ አይደለም፣ በእስክሪብቶ።

አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ይህን ደብዳቤ ግን ሌላም ሰው እንዲያየው ስለምፈልግ ከምታውቂው ልጀምር። ያ ባቡር ሰው የሚጭን አልነበረም። ጣሊያን ከምጽዋ ቆራርጦ በመኪና አምጥቶ መቀሌ አጠገብ ቁሓ ዳር የገጣጠመው፣ ቁመቱ ከአንድ ጎጆ የማይበልጥ፣ ድንጋይ ጫኝ ነው። ድንጋዩ ከሚቆፈርበት ስድስት ፉርጎ ይጎትታል፣ ወደ ኖራው ምድጃ ይወርዳል፣ ያራግፋል፣ ይመለሳል። ከጠዋት እስከ ማታ ይኸው ነው። ጣሊያን ሄደ፣ ባቡሩ ቀረ። ንጉሡ ሄዱ፣ ባቡሩ ቀረ። እኔ ውሃ ቀጂ ሆኜ ገባሁ፣ ከዚያ እሳት አንዳጅ ሆንኩ፣ ከዚያ ነጂ።

የኛ አገር ውሃ ራሱ ኖራ ነው። ቦይለሩ ውስጥ፣ የባቡሩ ሆድ ውስጥ፣ ሲፈላ ቧንቧዎቹን እንደ ዛፍ ቅርፊት ያለብሳቸዋል፤ ቅርፊቱ ሲወፍር ብረቱ ይግልና ይቀደዳል። ስለዚህ በየቅዳሜው እሳቱን አጥፍተን፣ ከፍተን፣ በሆዱ ገብቼ እፍቀዋለሁ። እያንዳንዱን ቧንቧ በትንሽ መዶሻ ነካ አድርጌ በድምፁ አውቀዋለሁ፤ ጤነኛው ጥርት ይላል፣ የታመመው ያጉረመርማል። ይህ ሥራ ፊደል አይጠይቅም። የውሃው መስታወት ላይ አንድ መስመር አለች፤ ውሃው ከሷ በታች ከወረደ ትሞታለህ። ያንን ለማወቅ ትምህርት ቤት አያስኬድም።

አንቺ ከደሴ መጣሽ፣ የኖራ ፋብሪካው የሰዓት መዝጋቢ ሆነሽ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ግቢው ጭር ብሏል። ሥራ የለም የሚል ማስታወቂያ በሩ ላይ ከተለጠፈ ሁለት ቀን ሆኖታል፤ ሁሉም አንብቦ ወይ አስነብቦ ቤቱ ተኝቷል። እኔ ማስታወቂያውን በትከሻዬ ታክኬ ገባሁ፣ እሳት አነደድኩ፣ እንፋሎት ሞላሁ፣ ፊሽካውን ነፋሁ። አንቺ ረስተሽው የሄድሽውን ነጠላ ልትወስጂ መጥተሽ ነበር። ባቡሩን አየሽ፣ እኔን አየሽ፣ በሩ ላይ ያለውን ወረቀት አየሽ። መዝገብሽን ከፍተሽ «ለጥገና ታዞ የገባ» ብለሽ ጻፍሽልኝ። ሰዎች በቁንጅናዋ ነው ያገባት ይላሉ። ውሸት ነው፤ ቆንጆስ ሌላም ነበረች። ምስጢሬን ያወቀ ሰው ከተማ ውስጥ ሲዞር እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ነው ያገባሁሽ። ክፉ ቃል ነው። እውነት ስለሆነ አልሰርዘውም።

ከዚያ በኋላ ዐይኔ አንቺ ሆንሽ። ቀበሌ ስንሄድ፣ ባንክ ስንሄድ፣ በግራዬ ትቆሚያለሽ። ወረቀቱን እኔ እቀበላለሁ፣ ግንባሬን ቋጥሬ ከላይ እስከ ታች አየዋለሁ። ክርኔን አንዴ ከነካሽ እፈርማለሁ፣ ሁለቴ ከነካሽ «እስቲ እናስብበት» እላለሁ። ፊርማዬንም የሳልሽልኝ አንቺ ነሽ፤ እንደ ሥዕል ነው የተማርኩት። ጠዋት ጋዜጣውን ታነቢልኛለሽ፣ አራት ሰዓት ላይ ሮማናት ሻይ ቤት ገልጬው ተቀምጬ ለጡረተኞቹ ወሬውን አስረዳቸዋለሁ። «ኣቦይ ካሕሳይ ሳያነብ ሻይ አይወርድለትም» ይሉኝ ነበር። ለተ እንኳ፣ ከሆድሽ የወጣችው፣ አታውቅም። የቤት ሥራዋን ይዛ ስትመጣ «እናትሽን ጠይቂ፣ እኔ ደክሞኛል» ነበር የምላት። ዕድሜዋን ሙሉ አባቷ የደከመው ሰው ነው።

ከባድ መኪኖች መጡና ባቡሩ ቆመ። ቀጥሎ ፋብሪካውም ቆመ። እኔ ዘበኛ ሆኜ ቀረሁ። የቆርቆሮ ጥላ ሠራሁለት፣ በየወሩ ዘይት ቀባሁት፣ ላገኘሁት ሰው ሁሉ «አንድ ቀን እንደገና ይጮሃል» ስል ኖርኩ። በጦርነቱ ጊዜ ነሐሱን ሰው ፈታቶ ወሰደው። ሆዱን ግን ማንም አልነካውም። መትቼ ሰምቼዋለሁ፤ ጥርት ይል ነበር።

ጦርነቱን ካነሳሁ ያንን ነገር ማለፍ አልችልም። ለስኳርሽ መድኃኒት በጠፋበት ወራት ዐይንሽ መጀመሪያ ፊደል ከለከለሽ፣ ከዚያ መልኬን ከለከለሽ። ለተ መንገድ ተዘግቶባት አዲስ አበባ ቀርታ ነበር። ያኔ ነው የእኅትሽ የየሺ ደብዳቤ በሰው በሰው እጅ፣ በአፋር በኩል፣ ተጣጥፎ ተጣጥፎ ክታብ አክሎ የደረሰው። በጣትሽ ዳሰስሽውና «አንብብልኝ» አልሽኝ። ረስተሽ አይደለም። «ጎረቤት ወስደህ አስነብብልኝ» ማለት ለኔ አሳፍሮሽ ነው። እኔ ምን አልኩ? ገለጥኩት፣ ግንባሬን ቋጠርኩ፣ «ደህና ነን፣ አታስቡ ነው የሚለው» አልኩሽ። ጎረቤት ብወስደው «ኣቦይ፣ ራስዎ አያነቡትም እንዴ?» እንዳይሉኝ ፈርቼ። አንቺም ላታይኝ ፊትሽን ወደኔ አዙረሽ «እሺ» አልሽ። በዘጠነኛው ቀን ቀበርኩሽ። ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ ነበር።

አሁን ወደ ባቡሩ።

ባለፈው ዓመት ኮሚቴ ተቋቋመ። የድሮ ሠራተኞች ልጆች ናቸው፤ ባቡሩ ቅርስ ነው፣ ይጠበቅ አሉ። መሐንዲስ አመጡ፣ ሄኖክ ይባላል። የደቡብ ልጅ ነው፤ ለትምህርት መጥቶ እዚሁ የቀረ፣ ሰው ሁሉ ሲሄድ ያልሄደ። እሱ ትግርኛውን ሰባብሮ ይናገራል፣ እኔ አማርኛዬን ሰባብሬ እመልሳለሁ፣ እንግባባለን። «ኣቦይ» ማለት አልሆንለት ብሎ «አባባ» ይለኛል። ስድስት ሳምንት አብረን ቦይለሩ ውስጥ በሆዳችን ተሳብን። መዶሻ ሰጠሁት፤ ጆሮውን ብረቱ ላይ አስደግፎ ያዳምጥ ጀመር። «ይቺኛዋስ አባባ?» ይላል። «እቺ ትኖራለች» እለዋለሁ። «ይቺስ?» «እቺ እንደኔ ናት፣ ታጉረመርማለች፣ ግን አትሞትም።» ይስቃል፤ ሳቁ ከብረቱ ውስጥ እንደ ከበሮ ይመለሳል። ወደድኩት ዘርፈይ። ሰው መውደድ እንዴት እንደማይሆንልኝ ታውቂያለሽ፤ ወደድኩት።

ሁለት መንገድ ነበር። አንዱ ባቡሩ ታጥቦ፣ ታድሶ፣ በእንፋሎት ጥቂት መቶ ሜትር ይሂድ ነው። ሌላው ሆዱ ይዘርገፍ፣ ዳግመኛ እሳት እንዳይገባበት ይደፈን፣ ቀለም ተቀብቶ ይቁም ነው። ኮሚቴው ተጨቃጭቆ ተጨቃጭቆ «የመጨረሻው ነጂ ይወስን» አለ። ሄኖክ ወረቀት ይዞ እቤት መጣ።

«አባባ፣ ሁለቱንም ጽፌዋለሁ። የመረጡት ሳጥን ውስጥ ምልክት አድርገው ይፈርሙልኝ። ላንብብልዎት?» አለኝ።

እዚህ ጋ ነው። «አዎ» ብል አበቃ። መነጽሬ ጠፍቷል ብል እንኳ አበቃ። «ዐይኔ አልጠፋም!» አልኩት።

ወረቀቱን ተቀበልኩ። ግንባሬን ቋጠርኩ። ከላይ እስከ ታች አየሁት። ሁለት ሳጥን፣ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። ክርኔን የነካው የለም። እንግዲህ አሰብኩ፤ ጥሩ ነገር መቼም ከላይ ነው የሚጻፈው። በሰርግ መጥሪያ ላይ የሙሽሮቹ ወላጆች ከላይ ናቸው። በደመወዝ ወረቀት አለቃው ከላይ ነው። በጸሎትም አብ ይቀድማል። የላይኛው ሳጥን ውስጥ መስቀል አደረግኩና ፊርማዬን ሳልኩ። ሄኖክ አየው። «አባባ… እርግጠኛ ነዎት? እኔ እኮ ሁለተኛውን የሚመርጡ መስሎኝ ነበር» አለ። ይኸውልሽ፣ እንደገና በር ከፈተልኝ። «ካሕሳይ አንድ ጊዜ ነው የሚናገረው» አልኩት። «እንግዲህ ቦይለሩን ከርስዎ በላይ አላውቀውም» ብሎ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ቅጂውን ጠረጴዛው ላይ ተወልኝ።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሥራ ተጀመረ ሲሉ ሰማሁ። የድሮ ቱታዬን አውጥቼ ለበስኩ፤ ሁለት ሰው ይገባበታል አሁን። የዘይት ጣሳዬን ይዤ በባጃጅ ቁሓ ሄድኩ። ግቢው ስገባ ሁለት ሰዎች በጋዝ እየቆረጡ ነው። ቧንቧዎቼ ሣሩ ላይ እንደ ታረደ በሬ አንጀት ተዘርግተዋል። ሲሚንቶ የሚያቦካ መኪና በሆዱ በኩል ቆሟል። ዘርፈይ፣ ሮኬት ያልነካውን፣ ሌባ ያልነካውን። «ማነው ያዘዘ? ማነው?» ብዬ ስጮህ ሰው ተሰበሰበ። የኮሚቴው ሊቀመንበር እየሮጠ መጣ፤ የዚያ ፉርጎ ከባቡሩ ጋር ያያይዝ የነበረው የአብርሃ ልጅ ነው። «ኣቦይ፣ እርስዎ አይደሉም እንዴ የፈረሙት?» አለ። «እኔ?» አልኩ። ውሸቴን አልነበረም፤ ያኔ በእውነት አላውቅም ነበር። ከመሐል አንዲት ሴት «መሐንዲሱ ነው! በአፉ ሌላ ነግሮ በወረቀት ሌላ አስፈርሟቸው ነው! ኣቦይ ካሕሳይ ይህን ባቡር ሊያስቆርጡ?» አለች። ሁሉም ወደኔ ዞረ። «እውነት ነው ኣቦይ?»

ዝም አልኩ። ዝምታም ዓይነት አለው፤ የኔው አዎ የሚመስለው ዓይነት ነበር።

ባቡሩን ቀይ ቀለም ቀቡት፤ ቀይ ሆኖ አያውቅም። ግቢው መናፈሻ ሆነ፣ ዙሪያውን ወንበር አደረጉበት። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ እኔ ሆዱን የምፍቅበት ቀን፣ ሙሽሮች ተደግፈውት ፎቶ ይነሳሉ። አንዷ የጭስ ማውጫው ላይ አበባ ትከሉበት ብላ ነበር አሉ፤ ተከሉበት።

ለተ ነደደች። ያንቺ ልጅ ናት፣ ስትነድ መጻፍ ነው የምታውቀው። ሄኖክ አዛውንት አታለለ የሚል ማመልከቻ ጻፈች። ጮክ ብላ አነበበችልኝ፤ ‹የአባቴን ዕድሜና እምነት መሣሪያ አድርጎ› የሚል ነበረበት። ከዚያ ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳርፋ «እዚህ ጋ አባዬ» አለች። ፈረምኩ። የመጀመሪያውን ሳላውቅ ነው የፈረምኩት። ሁለተኛውን ግን እያወቅኩ።

ሄኖክ አንድ ጊዜ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ «አባባን ብቻ ላግኝ፤ ምን እንደበደልኳቸው ልጠይቃቸው» ሲል ሰማሁት። «ደግሞ ምን ልታስፈርማቸው ነው?» አለችው ለተ። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ነበርኩ። የጫማው ጫፍ ይታየኝ ነበር፤ የኖራ አቧራ ነበረበት።

ያን ጊዜ ነው መማር የጀመርኩት። ለመዳን አይደለም፤ ወረቀቱ ምን እንዳለ ለማወቅ ነው። ማንን ልጠይቅ? በከበባው ጊዜ፣ ዐይንሽ ሳይጠፋ፣ ለአራተኛ ጊዜ ልታስተምሪኝ ስትሞክሪ ፊደል በሙሉ የጻፍሽበትን ደብተር ከሣጥንሽ አወጣሁ። አንቺ የማታውቂው አንድ ነገር ነበረኝ። በልጅነቴ የቄስ ተማሪዎች ከአጥሩ ማዶ ሲጮሁ እየሰማሁ ሀ ሁውን ከዳር እስከ ዳር በዜማ አውቀዋለሁ፤ መልኩን ብቻ ነው የማላውቀው። ስለዚህ ከወረቀቱ ላይ አንድ ፊደል አይቼ፣ ደብተርሽ ላይ እሱን የመሰለውን ፈልጌ፣ ከመጀመሪያው ሀ ጀምሬ ጣቴን እያስኬድኩ እዘምራለሁ። ጣቴ እዚያ ሲደርስ አፌ ላይ ያለው ድምፅ ያ ነው። አንድ ቃል ግማሽ ቀን ይፈጃል። የመጀመሪያውን መስመር ስጨርስ መስከረም አልቆ ነበር። እንዲህ ይላል፦ «አንደኛ፣ ቦይለሩ ተከፍቶ፣ ቧንቧዎቹ ወጥተው፣ ዳግመኛ እሳት እንዳይነድበት ተደርጎ ለእይታ እንዲቆም።» ከጎኑ መስቀሌ አለች። አማረች ደግሞ፤ ቀጥ ያለች መስቀል።

ያቺን ወረቀት ስንት መቶ ጊዜ እንዳነበብኳት እንጃ። ሌላ መጽሐፍ አልነበረኝም። በሷ ነው ፊደል የቆጠርኩት።

ሁለተኛ ያነበብኩት የየሺን ደብዳቤ ነው። ዘግይቶብሻል፤ ቢሆንም ልንገርሽ። «በእናታችን ቤት የተቀያየምነውን እኔ ትቼዋለሁ፤ አንቺም ተይልኝ» ትልሻለች። «ይህን ያመጣው ሰው ሦስት ቀን እዚያ ይቆያል፤ አንድ ቃል ላኪልኝ፣ ይቅር ብዬሻለሁ በይኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም» ትላለች። ሰውየው ሦስት ቀን ጠበቀ። ሁለት ጊዜ በራችን ላይ መጥቶ «መልስ አለ ወይ?» ብሎኛል። «የለም» ነው ያልኩት። የሺ እስከ ዛሬ ቂም ይዘሽ የሞትሽ ይመስላታል። እኔ ነኝ እንዲመስላት ያደረግኩት። ‹ደህና ነን፣ አታስቡ› አልኩሽ አይደል?

ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው መጻፍ የጀመርኩት። ባለፈው ረቡዕ ደግሞ ኮሚቴው ስለ ሄኖክ ሊወስን ተሰበሰበ። ከሥራው ይሰናበት፣ ወደፊት ሊቀጥረው ለሚፈልግ ሁሉ ይነገር የሚል ሐሳብ ቀርቧል። መናፈሻው ውስጥ ነው ስብሰባው፣ ባቡሩ ሥር። ከፊት አስቀመጡኝ። ሄኖክ ብቻውን ጥግ ላይ ነበር፤ ከስቷል።

ተነሣሁ። «ይህ ልጅ አላታለለኝም። ላንብብልዎት ብሎኛል፣ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ማንበብ አልችልም ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ አልቻልኩም» አልኩ። ዘርፈይ፣ ይህን ቃል ከሰው ፊት ስናገር ባቡሩ በላዬ የሚሄድ መሰለኝ። ምን የሚሆን መሰለሽ? ሳቁ። በክፋት አይደለም። «ዋይ ኣቦይ!» አለ አንዱ። «ሮማናት ላይ ጋዜጣ አስተምረውን እኮ ነው ያደግነው።» ለተ ተነሥታ፣ እንባዋ እየወረደ፣ «አባዬ አዝኖለት ነው። የሰው እንጀራ አይቆረጥ ብሎ ራሱን እያዋረደ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ነው የተታለለው!» አለች። አጨበጨቡልኝ። ሄኖክ ግን አላጨበጨበም፣ አልሳቀም። ቀና ብሎ አየኝ። እሱ አመነኝ። ከዚያ ሁሉ ሰው ያመነኝ እሱ ብቻ ነው።

ሊቀመንበሩ መልካም ሰው ነው፤ ነገሩን ሊጨርስ ፈለገ። ያቺን ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝና «እሺ ኣቦይ፣ ማንበብ አልችልም ካሉ እስቲ ይሞክሩልን፤ የቱ ጋ እንዳቃተዎት ያሳዩን» አለ።

ልደናቀፍ ነበር ሐሳቤ። በእግዚአብሔር ስም እልሻለሁ፣ ልንተባተብ ቆርጬ ነው የተቀበልኩት። «አ… አን…» ብዬ ጀመርኩ። ከኋላ አንዱ ጎረምሳ ኪ ብሎ ሳቀ።

በቃ። የልጁ ሳቅ ብቻ በቃኝ። ጀርባዬ ቀጥ አለ። በዓለም ላይ ሳላቆም የማነባት አንዲት ወረቀት ያቺ ናት፣ ከላይ እስከ ታች በአንድ ትንፋሽ አወረድኳት። አንደኛውን፣ ሁለተኛውን፣ ከሥር ያለውን ስሜን ሳይቀር። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። አንቺ ራስሽ ከዚያ በላይ አታነቢያትም። ስጨርስ ተነሥተው አጨበጨቡ። እኔም፣ ለምን እዋሽሻለሁ፣ ለአንድ ቅጽበት ደስ አለኝ።

እጅ አወጡ። ሄኖክን የሚደግፍ አንድ እጅ ብቻ ነበር፣ የኔ። እሱንም ቸርነት ብለው አሞገሱት።

ሰው ሲበተን ሄኖክ ወደኔ መጣ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ፈልጌውም ነበር። «አባባ፣ ጥሩ አነበቡ» አለኝ። ሲያፌዝ አይደለም። ከትከሻዬ የወረደውን ጋቢ አስተካክሎልኝ ሄደ። በማግስቱ ዕቃውን ጭኖ ከመቀሌ ወጣ አሉ።

ትናንት ለተ ፍራሹን ስታራግፍ ደብተሩን አገኘችው። እስከዚህ ድረስ ያለውን ቆማ አነበበች፣ ከዚያ ተቀምጣ አነበበች። ስትጨርስ ደብተሩን ከደነችው። «አባዬ፣ ይህን ያነበበ ሰው፣ እንዲህ የሚጽፍ ሰውዬ አምና ማንበብ አይችልም ነበር ቢሉት ያምናል?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። «አንቺስ ታምኚያለሽ?» ብዬ ግን አልጠየቅኳትም። በሦስት ቅጂ እንድትገለብጥልኝ ነግሬያታለሁ፤ አንዱ ለኮሚቴው፣ አንዱ መናፈሻው በር ላይ የሚለጠፍ፣ አንዱ ለየሺ። እሺ ብላለች። ፊቴን ግን አላየችኝም።

እንግዲህ ማስታወሱ ነው የቀረው። አልረሳሽም እያሉ መጻፍ ቀላል ነው፤ ሁሉም ይጽፈዋል። እኔ በየወሩ በሥላሴ ዕለት ስምሽን በቅዳሴ አስጠራ እንደነበር ታውቂያለሽ። በዚህ ወርም ሄድኩ። ካህኑ ብዕራቸውን ይዘው «ስም?» ሲሉኝ የክርስትና ስምሽን፣ «ወለተ ሥላሴ» አልኳቸው። ጻፉት። የሄኖክንም ላስጽፍ አፌን ከፈትኩ። የክርስትና ስሙን አላውቀውም። ማተቡን አይቻለሁ፣ ስድስት ሳምንት አብሮኝ ብረት ሆድ ውስጥ ተስቧል፣ ስምህ ማነው ብዬ አልጠየቅኩትም። ካህኑ ይጠብቃሉ፣ ከኋላዬ ሰው ቆሟል። «አባ፣ የጻፉትንም ይሰርዙት» አልኳቸው።

አትቆጪኝ፤ ወይም ተቆጪ። ስሙን ከራሱ አፍ ሰምቼ እስክመለስ ድረስ ያንቺ ስም ብቻውን አይጠራም። ሁለታችሁንም አብሬ አስታውሳለሁ፣ ወይ ማንኛችሁንም አላስጠራም። ይህ ቃሌ ነው፤ ቃሌን እንደማላጥፍ አንቺን ያህል የሚያውቅ የለም፣ ተሠቃይተሽበታል። የሄኖክን ስልክ ለተ በትልልቁ ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጥፋልኛለች። ዛሬ ሁለት ጊዜ ደውዬ ሳያነሣ ዘግቼዋለሁ። ነገ እስኪያነሣ እጠብቃለሁ።

ባልሽ
ካሕሳይ